«እሺ፣ እሺ ብላ ትዘጋዋለች»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 64 ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት፣ ባለቤቴ ካረፈ ደግሞ አራት ዓመት ሆነኝ። የምጽፍልዎት ስለ ጓደኛዬ ነው። የ38 ዓመት ጓደኛሞች ነን። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ልጆቻችንን እየተቀባበልን ነው ያሳደግነው። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ አጠገቤ ያደረችው እሷ ነች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ስደውል አታነሳም። ካነሳችም «እሺ፣ እሺ» ብላ ትዘጋዋለች። ሰው ሰብሰብ ወዳለበት ስጠራት አትመጣም። ከመጣችም ጥግ ይዛ ትቀመጥና ሳትሰናበት ውልቅ ትላለች። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ልጄ መታመሟን ስነግራት ሳቀች። ሳቀች ስልዎት! ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ደውዬላት አላውቅም። አምስት ወር ሊሆነን ነው።

ሌላው፣ በዚህ ዕድሜዬ ዋና መማር ጀምሬያለሁ። ሐኪም ለጉልበቴ መክሮኝ ነው። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ የልጄ እኩዮች ናቸው። አንዷ ግን ወደ ስድሳው የተጠጋች ትመስለኛለች፤ ደስ የምትል ሴት ነች። ልቀርባት ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜ «ጓደኛ እንሁን» ይባላል? ልጄ «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን አመጣሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። የድሮዋን ጓደኛዬን በቅጡ ሳልቀብር አዲስ ፍለጋ የሄድኩም ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ከገንዳው ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ እኔም ተናድጄልሽ ነበር። በሁለተኛው ግን «ሳቀች» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። የሰው ልጅ ታመመች ሲባል የሚስቅ ሰው፣ አንድም ክፉ ነው፣ አንድም የተባለውን አልሰማም። ባልሽ የሞተ ጊዜ አንድ ወር አጠገብሽ ያደረች ሴት ክፉ ነች ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

የራሴን ልንገርሽ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ስምንት ወር ተኮራርፈን ነበር። እውነቱን ለመናገር ያኮረፍኩት እኔ ነኝ፤ እሷ መኮረፌንም አላወቀችም። ያጠፋችው ነገር ካንቺዋ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስልክ አታነሳም፣ ሰው በተሰበሰበበት አትገኝም፣ የማወራትን ትታ ሌላ ታወራለች። «ንቃኛለች» ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ጉንፋን ጣላት ሲሉኝ አላስችል አለኝና ልጠይቃት ሄድኩ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ጥሩ ስንጫወት መብራት ጠፋ። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ። እሷ ዝም አለች። «ሰማሽኝ?» አልኳት። ዝም። ደነገጥኩ፤ አንድ ነገር የሆነች መሰለኝ። ስልኬን በዳበሳ አግኝቼ ባትሪውን ሳበራው ብርሃኑ ፊቴ ላይ አረፈ። ያኔ ቀስ ብላ «አሁን ንገሪኝ» አለችኝ።

ለካ ስንት ጊዜ ስትሰማኝ የቆየችው ከንፈሬን እያየች ነው።

ዕድሜ ሲገፋ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት እየሳሱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፦ ስ፣ ፍ፣ ሽ፣ ት። ወፍራሙ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው እያወራሽ መሆኑን ይሰማል፤ ምን እንዳልሽ ግን አይለይም። የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። «ታማለች» ያልሻት «ታምራለች» ሆኖ ደርሷት ይሆናል። ለዚያማ ይሳቃል! ስልክ ላይ ከንፈር አይታይም። ሰው በበዛበት ድምፅ ይደራረባል። «እሺ፣ እሺ» ደግሞ ያልሰማ ሰው መውጫ ነው። «ምን አልሽ?» ሦስት ጊዜ ይባላል፤ አራተኛው ላይ ሰው ያፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ከአራት አንዷ ማለት ነው። እኩዮችሽን በጣትሽ ቁጠሪያቸው።

እርግጥ እዚህ ተቀምጬ ሐኪም ልሆን አልችልም። ድብርትም ሊሆን ይችላል፤ ለማንም ያልነገረችው ጭንቀትም። ወይም እውነት ተቀይማሽ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን ስትሄጂ ነው። በአምስት ወር ኩርፊያ ምንም አልታወቀም።

አትደውዪላት። አጭር መልእክት ጻፊላት። «ናፍቀሽኛል፣ ቅዳሜ ብቻዬን ልምጣ?» በቂ ነው። ስለ ሳቁ አታንሺ። ስትሄጂ መስኮቱ ከኋላሽ እንዳይሆን፤ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይረፍ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አትጩሂባት፤ ሲጮህ አፍ ይጣመማል፣ ቁጣም ይመስላል። ረጋ በይ። ያልገባት ነገር ካለ ያንኑ ቃል አትደጋግሚው፣ በሌላ ቃል ንገሪያት። «ልጄ ታማለች» ካልተሰማ «ልጄ ሐኪም ቤት ነበረች» ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው «ያን ቀን የነገርኩሽን አልሰማሽኝም መሰለኝ» የምትያት። ማልቀሷ አይቀርም። የእኔዋ አልቅሳለች።

ሐኪም ጋ አብረሻት ሂጂ። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ይጠረግና ያልቃል። ካልሆነ የመስማት ምርመራ አለ፣ የማዳመጫ መሣሪያም አለ። (አንድ ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከደነቆረ ግን ነገ አይባልም። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ማየት አለበት።) መሣሪያውን እንዳገኘች ትስማማዋለች ብለሽ አትጠብቂ። የእኔዋ ጓደኛ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። የራሷ የጫማ ኮቴ አስደነገጣት፤ የወረቀት ኮሽታ እንደ ዝናብ ሆነባት። አእምሮ ለዓመታት የራቀውን ድምፅ እንደገና እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት እያልን ነው ያስለመድናት።

ነገሩን ቀላል አታድርጊው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልንቀንሳቸው ከምንችላቸው 12 ነገሮች መካከል የመስማት ችግርንም ከሰው መነጠልንም ቆጥሯል። ያልሰማ ሰው ይነጠላል። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ገንዳው እንምጣ።

አይ፣ «ጓደኛ እንሁን» አይባልም። በሰባት ዓመት ይባላል፣ በስልሳ ይከብዳል። ግን መባሉም አያስፈልግም። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ስንት ሰዓት አብረው ቢያሳልፉ ጓደኛ እንደሚሆኑ ለመገመት ሞክሯል። ከትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ። ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ። የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 በላይ። የጠየቃቸው አዲስ ቦታ የገቡ ሰዎችንና ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ነው እንጂ የእኛን እኩዮች አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዢው። የወደድኩት ነገር ግን አለ። ጓደኝነት የዕድል ወይም የደም መግጠም ብቻ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይም ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብታገኚያት ሁለት ዓመት ይፈጅብሻል። ያኔ 66 ይሆንሻል። ብትቀርቢያትም ባትቀርቢያትም 66 መምጣቱ አይቀርም።

ታዲያ አንድ ችግር አለ። ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሆኖ ወሬ የለም። በዚያው ጥናት ላይ አብሮ በመሥራት የሚያልፈው ሰዓት እንደ ጨዋታው ሰዓት አልቀረበም። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በየቢሮው ሃያ ዓመት አብረናቸው ሠርተን ዛሬ ስማቸው የጠፋብን ስንት አሉ! ጓደኛሽ የሆነችው አጠገብሽ ስለሠራች ሳይሆን ከሥራ ስትወጡ አብራሽ ስለሄደች ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ዋናው አይደለም። የሚቆጠረው ከዋናው በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ፀጉራችሁን የምታደርቁበት አሥር ደቂቃ ነው። እሱን አርዝሚው። ቶሎ ለብሰሽ አትውጪ። ሳሙና እንደረሳሽ አድርጊና ለምኛት። ሰው ትንሽ ነገር ያዋሰውን ሰው አይረሳም። «ማክሰኞ ትመጫለሽ?» በያት። እስካሁን አንቱ እየተባባላችሁ ከሆነ «አንቺ በይኝ» ብለሽ ጀምሪ። እሱ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው።

«ባትወደኝስ?» ትይኝ ይሆናል። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በዚያው ዓመት ባወጡት ጥናት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ያወሩ ሰዎች ሲጠየቁ ሌላው ሰው ከወደዳቸው ያነሰ ነው የገመቱት። እሷም ዛሬ ቤቷ ገብታ «ያቺ ሴትዮ አሰልችቻት ይሆን?» እያለች ይሆናል።

የድሮዋን ሳትቀብሪ ያልሽውን ግን ተይው። ሰው ሳይሞት ምን ቀብር አመጣሽ? እኔ ያቺኑ ጓደኛዬን ይዤ በ68 ዓመቴ ሌላ ጓደኛ አፍርቻለሁ። ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም። እኖራለሁ።

ስለ ልጅሽ። ስትስቅ አብረሻት ሳቂ፤ ከዚያ ዋና ልብስሽን ይዘሽ ውጪ። ካልተዋት ደግሞ የሜሪ ዲላኒን ነገር ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ1700 የተወለደች እንግሊዛዊት ነች። በ1768 ሁለተኛ ባሏ ሞተባት። በ1772፣ በ72 ዓመቷ፣ ጓደኛዋ የፖርትላንድ ዱቼስ ቤት ተቀምጣ ሳለ አንድ ቀይ ወረቀት ከአበባ ቅጠል ጋር ቀለሙ አንድ መሆኑን አየች። መቀስ አነሳችና ቆርጣ አበባ ሠራች። ጓደኛዋ ገብታ ስታየው የእውነት አበባ መስሏት ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ እስኪደክም፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ወደ 1000 የሚጠጉ አበቦች በወረቀት ሠራች። ዛሬ የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሰው ይህን ሲተርክ ዕድሜዋን ነው የሚያነሳው። እኔን የሚገርመኝ የቤቱ ባለቤት ነች። ባሏ የሞተባትን ጓደኛዋን አምጥታ በየዓመቱ ለወራት ያስቀመጠች፣ ከአትክልቷ አበባ እየቀጠፈች የሰጠች፣ «በዚህ ዕድሜሽ ወረቀት ትቆርጫለሽ?» ያላለች ሴት።

ከቅዳሜው በኋላ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ከ66 እስከ 69 ዓመት። ሁለታችን ባሎቻችን ሞተዋል፤ አንዷ አላገባችም። አንድ ቤት ውስጥ አብረን ለመኖር አስበናል። ልጆቻችን «እብደት ነው» አሉን። እውነት እብደት ነው?

ሦስቱ

መልስ፦ እብደት አይደለም። ግን ብዙ ወረቀት ይፈልጋል። ለንደን ውስጥ ሃይ ባርኔት በሚባል አካባቢ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት፣ ራሳቸው አስበው ያሠሩት 25 ቤቶች ያሉት ግቢ አለ። የገቡበት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሐሳቡን የጀመሩት ግን በ1998 ነበር። 18 ዓመት! እናንተ ያን ያህል አትጠብቁ። አንድ ነገር ግን ቅዱባቸው፦ እያንዳንዷ የራሷ ቤትና የራሷ በር አላት፤ የጋራው ክፍል ለብቻው ነው። ሦስት ሴት አንድ ወጥ ቤት ከገባን፣ እንዋደድ እንጂ፣ በሁለተኛው ሳምንት በድስት እንጣላለን።

ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ጻፉ። ቤቱ በማን ስም ይሆናል? አንዷ ብትታመም ማን ያስታምማል፣ እስከ መቼ? መውጣት የፈለገች ገንዘቧን እንዴት ታገኛለች? የልጅ ልጅ መጥቶ ስንት ቀን ያድራል? አንዷ ባል ብታገኝስ? (አትሳቁ፣ ይህን ሳይጽፉ ቀርተው ሲቸገሩ አይቻለሁ።) የጻፋችሁትን የሕግ ሰው ይየው፤ ልጆቻችሁም ያንብቡት። ከዚያ ቤት ሳትሸጡ ሁለት ወር አብራችሁ ሞክሩት።

የትርፍ ቁልፉን ነገርም ወስኑ፤ ማን ጋ ይቀመጣል፣ መቼስ ይከፈትበታል? እኔ የጓደኛዬን ትርፍ ቁልፍ ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የከፈትኩበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ሆና «ምድጃውን ሳላጠፋ ወጣሁ መሰለኝ» ብላ ጽፋልኝ። ጠፍቶ ነበር።