ስቲም ዴክህን ለመሸጥ አትቸኩል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ያንን የቫልቭ ኩባንያ የእጅ ጌም፣ ስቲም ዴክህን፣ ከገዛህ ሦስት ዓመት አልፎሃል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ፋኑ ይጮሃል። ስልክ በየዓመቱ እየታደሰ የእጅ ጌም ለምን ይዘገያል፣ እኔስ ሸጬ አዲስ ልግዛ ወይ ነው ያልከው።

እኔ አዳማ ነው የምኖረው። ከድሮው የሶኒ የእጅ ጌም ከፒኤስፒ ጊዜ ጀምሮ እነዚህን ዕቃዎች ስጫወትባቸውም ስፈታቸውም ቆይቻለሁ። በእኔ አስተያየት አዲስ ትውልድ በአራት በአምስት ዓመት አንዴ ቢመጣ ይበቃል። መሃል ላይ ባትሪና ስክሪን ቢያሻሽሉ ግን ደስ ይለኛል።

ምክንያቱን ልንገርህ። ዴስክቶፕ ላይ ጉልበት ከፈለግክ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ትገጥማለህ፣ አለቀ። እጅ ላይ የሚያዝ ዕቃ ይህን አይችልም። የአንተ ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ነው፤ 40 ዋት ለአንድ ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ቺፑ ብቻውን እስከ 15 ዋት ይወስዳል። ስክሪኑ፣ ዋይፋዩና ፋኑ ሲጨመሩበት ከባድ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት መሙላት ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ "ዘንድሮ ፈጥነናል" ሲል መጀመሪያ "በስንት ዋት?" ብለህ ጠይቅ። እጥፍ ዋት እየበላ ከፈጠነ ትርፉ መዳፍህን ማሞቅ ነው። በዚያው ዋት የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ ቺፕ ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም።

ቫልቭ ይህ የገባው ይመስለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ዴክ በ2022 ወጣ፣ ኦሌድ የሚባለው የተሻለ ስክሪን ያለው ዴክ በ2023 መጨረሻ ተከተለ። ፍጥነቱን ብዙም አልነኩትም። ባትሪውን ወደ 50 ዋት ሰዓት አሳደጉ፣ ስክሪኑን ከ60 ወደ 90 ኸርዝ አወጡት፤ ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ስንቴ ምስሉን እንደሚያድስ ነው። አንተ የድሮውን ይዘህ አንድም ጌም አልቀረብህም። ኒንቴንዶም በ2019 ስዊች የሚባለውን የእጅ ጌሙን መልኩን ሳይቀይር ባትሪውን ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት ከነበረበት ወደ 4.5 እስከ 9 ሰዓት አድርሶታል። የምወደው እድሳት እንዲህ ያለው ነው። ኒንቴንዶዎች በ2014 ያወጡት፣ የቀድሞው የእጅ ጌማቸው እድሳት የሆነው አዲሱ ስሪዲኤስ ግን አሁንም ያናድደኛል። አንዳንድ ጌሞች በእሱ ላይ ብቻ እንዲሠሩ አደረጉ። ትናንት የድሮውን የገዛ ሰው ምን አጠፋ?

መዘግየትም ልክ አለው። ስዊች በ2017 ወጥቶ ሁለተኛው እስከ 2025 አልመጣም። ስምንት ዓመት በዛ። መጨረሻ አካባቢ የመጡት ትልልቅ ጌሞች ስክሪኑ ላይ ደብዝዘው፣ እየተንቀራፈፉ ነበር የሚሄዱት።

ወደ አንተ ዕቃ ልመለስ። ባለፈው ወር የሰፈር ልጅ ልክ እንዳንተ እየጮኸ ያለ ዴክ አመጣልኝ። ከጀርባው ያሉትን ስምንት ብሎኖች ፈትተን ከፈትነው። ሙቀቱ የሚወጣበት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረው ብረት አይታይም። ግራጫ አቧራ ጥጥ መስሎ ተጋግሮበታል። የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቀዋለህ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት፣ የቺፑን ሙቀት ወደ ብረቱ የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን፣ ቀየርኩለት። ገጥመን ስናበራው ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ "ጠፋ እንዴ?" አለኝ። ሌላም ነገር አለ። ዴክ የተሠራው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ስትጫወት ያን ታልፋለህ። በረንዳ ላይ ውጣ፣ ወይም ማታ ተጫወት።

ለባትሪው ሁለት ነገር ሞክር። ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን 40 ኸርዝ ላይ አድርገህ ጌሙን በሰከንድ 40 ፍሬም (ምስል) ላይ ገድበው፤ ዓይንህ ቶሎ ይለምደዋል። ሶፍትዌሩን ካደስክ ደግሞ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ታገኛለህ። ቻርጀር ላይ ሰክተህ የምትጫወት ከሆነ አሁኑኑ አብራው።

ያም ሆኖ ባትሪው አንድ ቀን ይደክማል። የፒኤስፒዬ ባትሪ አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶት ነበር። በጥፍሬ ከፈትኩት፣ ሌላ ከተትኩ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የአንተ ግን በማስቲሽ የተጣበቀ ነው፣ ያለ ልምድ እንዳትነካው። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ባትሪ መቀየር እንዲችል በሕግ ያስገድዳል። ከአዲስ ቺፕ ይልቅ እኔ የምጠብቀው እሱን ነው።

ደግሞ ዴክ እዚህ አገር በይፋ አይሸጥም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሰው ነው የሚያመጣልህ፣ ዋስትናውም አብሮህ አይመጣም። ስለዚህ የምትፈልገው ጌም ዝቅተኛ ሴቲንግ ላይም 30 ፍሬም እስኪያቅተው ድረስ ገንዘብህን ያዝ።

አዳማ ካለህ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘኸው ና፣ አብረን እንጠርገዋለን። ራስህ የምትከፍተው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱን አውጣ። ክዳኑ ሲነሳ ካርዱ ለሁለት ሲሰበር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ሴቭ ያደረገው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።