ለአነስተኛ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይጠቅማል?

«ስድስት ሠራተኞች ላሉት የሐበሻ ልብስ ሱቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠቅማል ወይስ የትልልቅ ድርጅቶች ጉዳይ ነው?» ብለው ለጠየቁት እኅታችን፣ ሽሮ ሜዳ በዚሁ ሥራ ላይ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ። ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ትእዛዙንና ወጪውን በአግባቡ ለሚመዘግብ ሱቅ ነው።

በእኛ ዘንድ ፋይዳው ጎልቶ የታየው ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር በምናደርገው መጻጻፍ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ለሠርግ የሚያዝዙ ሰዎች የሙሽራዋን፣ የሚዜዎቹንና የእናቶችን ልክ በአንድ ረጅም የቴሌግራም መልእክት፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ቀላቅለው፣ ያውም በኢንች ይልኩልናል። ስምና ስልክ ቁጥር አውጥተን ጽሑፉን ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ ለተባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች እንሰጥና የእያንዳንዷን ደረት፣ ወገብና ቁመት ለይቶ፣ ወደ ሴንቲሜትር ቀይሮ በሠንጠረዥ እንዲያስቀምጥ፣ የጎደለ ልክ ካለም እንዲጠቁመን እናዝዘዋለን። 38 ኢንች 96.5 ሴንቲሜትር መሆኑን ማስላት ለማንም አይከብድም፤ ነገር ግን ሥራ በሚበዛበት የሠርግ ወቅት የተዘለለች አንዲት ቁጥር ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ አትታረምም። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከዋናው መልእክት ጋር ሳናመሳክር ለሰፊው አንሰጥም። የደንበኞችን ስም የምናወጣውም ለይሉኝታ ብቻ ሳይሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ነው።

ሌላው የዋጋ ስሌት ነው። የድሩና የማጉ፣ የጥለቱ ክር፣ የሸማኔውና የሰፊው ክፍያ፣ የማጓጓዣውም ወጪ ተለይቶ ከተጻፈ፣ ክር ሲወደድ የትኛው ቀሚስ ትርፉ እንደሚሳሳ መተግበሪያው ወዲያው ያሳያል። መዝገብ ከሌለ ግን እውነት የሚመስል፣ መሠረት የሌለው ቁጥር ይሰጣል።

የሽያጭ ትንበያ ሲጠይቁት ደግሞ ቀኑ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ለይተው ይንገሩት፤ አለበለዚያ መስከረም 1ን እንደ ሴፕቴምበር 1 ሊቆጥረው ይችላል። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይደገስ ገበያው እንደሚቀዘቅዝና ከፋሲካ በኋላ እንደሚነሣም ያስረዱት፤ ካልሆነ የጾሙን ወራት ቅዝቃዜ የንግድ ድክመት አድርጎ ይተረጉመዋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የቀሚስ ሥዕል ግን ለሽያጭ አይለጥፉ። ደንበኛዋ የምትከፍለው ሸማኔው ለሚያወጣው ጥለት ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ጥለት ደግሞ ሸማኔ ላይችለው ይችላል።

ለጅምሩ ነፃው አገልግሎት ይበቃል። በቅርቡ የተቀበሉትን አንድ የሠርግ ትእዛዝ ይስጡትና እርስዎ በእጅዎ ከሠሩት ዝርዝር ጋር ያስተያዩ።