እቁቡ ሲደርስህ ማሽኑን አትግዛ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ 28 ዓመቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሦስት ዓመት ኡበር ነድቻለሁ፣ ከዚያ በፊት ሁለት በጋ አንድ የሣር ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። አሁን የራሴን የኤሬሽንና የቶፕድሬሲንግ ሥራ ልጀምር ነው። ጁን ላይ የ12 ሺህ ዶላር እቁብ ይደርሰኛል፣ በእሱ ኮምፖስት የሚበትን ማሽን እገዛለሁ። ኡበሩንም ልተወው አስቤያለሁ። እናቴ ‹ሣር ልታጭድ ነው አሜሪካ የሄድከው?› ብላ አኩርፋኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሥራውን ጥሩ መርጠሃል። ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጠኸዋል።

እኔም በአንተ ዕድሜ እቁብ ደርሶኝ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ገዝቼ ነበር። ቆንጆ ማሽን። ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ከገዛሁበት በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። ማሽኑ ምንም አልጎደለውም። ምንጣፉን አጥብልኝ የሚል ሰው ነው የጎደለው። ስለዚህ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ የፈለግኩት ስንት ደንበኛ እንዳለህ ነበር፣ እሱን ደግሞ የትም ቦታ አልጻፍከውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በሁለት መስመር ልበል። ኤሬሽን ማለት ባዶ ቱቦ የሚመስሉ ጥርሶች ያሉት ማሽን ሣሩ ላይ እየሄደ ከ2 እስከ 3 ኢንች የሚረዝም የአፈር ቁራጭ እየመዘዘ መጣል ነው፤ የተጠቀጠቀው መሬት አየርና ውሃ ያገኛል፣ ሥሩ ይተነፍሳል። ቶፕድሬሲንግ ደግሞ ሣሩ ላይ ስስ ኮምፖስት ማልበስ ነው፣ ሩብ ኢንች ያህል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ኮምፖስቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ዘርም ከተጨመረ እዚያው ይበቅላል። እዚህ አካባቢ መሬቱ ብዙ ቦታ ሸክላ ነው፤ እንደ ክላርክስበርግ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ቤቱ ሲሠራ የግንባታ ማሽን ደጋግሞ ረግጦታል። ሥራ አለ። እሱ ላይ አልከራከርህም።

የምከራከርህ ማሽኑ ላይ ነው። ቶፕድሬሲንግ የሣር ሥራ ይመስላል እንጂ የጭነት ሥራ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። 4,000 ካሬ ጫማ ሣር ያለው ቤት አገኘህ እንበል፣ መጠነኛ ግቢ ነው። ሩብ ኢንች ኮምፖስት ስታለብሰው 3 ኪዩቢክ ያርድ ገደማ ይፈጃል። አንድ ያርድ ኮምፖስት እንደ እርጥበቱ ወደ 1,000 ፓውንድ ይመዝናል። ሦስቱ ሲደመር ከ13 ኩንታል በላይ ነው! ይህን ሁሉ ከሻጩ ግቢ ጭነህ፣ ደንበኛው በር ላይ አራግፈህ፣ በጓሮ በር አሾልከህ ነው የምታስገባው። የጓሮው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፣ ማሽኑ ላያልፍ ይችላል። ተራ ፒክአፕ በአንድ ጉዞ ያርድ ተኩል እንኳ በጭንቅ ነው የሚሸከመው፣ ስለዚህ ትሬለር ያስፈልግሃል፣ ትሬለሩን የሚጎትት መኪናም ያስፈልግሃል፣ የሁለቱም ኢንሹራንስ አለ። በ12 ሺህ የምትገዛው ማሽን ብቻውን አይመጣም፣ ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ኤሬሽኑ ግን ቀላል ነው፣ ከእሱ ጀምር። ምንም አትገዛም። ማሽኑን ከመሣሪያ አከራይ በቀን ትከራያለህ፣ ፒክአፑንም እንዲሁ። ከ200 ፓውንድ በላይ ስለሚከብድ የኡበር መኪናህ ላይ አይሆንም፣ አትሞክረው። ሴፕቴምበር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት አከራዩ ጋ ብትሄድ ማሽን አታገኝም፣ ሰው ሁሉ ወስዶታል። ለማክሰኞና ለረቡዕ ቀድመህ አስይዝ። በአንድ የኪራይ ቀን አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ አምስት ቤቶችን ደርድር። አምስት ቤት ሳይሞላልህ ማሽን አትከራይ፣ በቃ ይህን ሕግ አድርገው። የመጀመሪያው ዓመት 40 ቤት ካገኘህ 8 የኪራይ ቀን ነው፣ 8 ቀን ለመሥራት ማን ማሽን ይገዛል?

አሁን ዋናው ነገር፣ ጊዜው። አንተ ጁን ላይ ገንዘብ ሲደርስህ ለመጀመር አስበሃል። የዚህ አካባቢ ሣር በብዛት ቶል ፌስኪዩ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ ሣር። በጁንና በጁላይ ሙቀት ላይ ብትበሳው ታስጨንቀዋለህ፣ የምትዘራውም ዘር ይቃጠላል። ትክክለኛው ወቅት ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። ሰባት ሳምንት! ዝናብ የሚበላውን ቀን ስትቀንስ 30 የሥራ ቀን ቢተርፍህ ጥሩ ነው። ዞይዢያና ቤርሙዳ የሚባሉት ሙቀት የሚወዱ ሣሮች ከሜይ እስከ ጁላይ ይበሳሉ፣ ዞይዢያ ያለው ሰው ካገኘህ በጋ ላይ እሱን ትሠራለህ፣ ግን ቁጥራቸው ኑሮ አያቆምም። እንቁጣጣሽም መስቀልም እነዚያ ሰባት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚወድቁት፤ ዘንድሮ ዶሮው የሚጠብቅህ ማታ ነው፣ ለቤተሰብ ከወዲሁ ንገር።

ከዚህ ተነስተህ የኡበሩን ጥያቄ ራስህ መመለስ ትችላለህ። አትተወውም። በሰባቱ ሳምንት ቀን ቀን ሣሩ ላይ ትውላለህ፣ ሲዘንብና ማታ ትነዳለህ፣ ከኖቬምበር በኋላ ወደ መሪህ ትመለሳለህ። አንዳንድ መካሪ «ሙሉ በሙሉ ካልገባህበት አይሳካም» ይልሃል። እሱ የቤት ኪራይህን አይከፍልም።

ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከሐበሻ ብቻ አትጠብቅ። ከቤተ ክርስቲያንና ከዕድር የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ቤት ታገኛለህ፣ እነሱም «ለወንድምነታችን ቀንስልኝ» ይሉሃል፤ ቀንስላቸው፣ ግን በምላሹ የበፊትና የበኋላ ፎቶ እንድታነሳና ጎረቤታቸው ጋ እንዲያስተዋውቁህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ መንገድ በመንገድ ነው የሚሠራው። አንድ ግቢ ስትሠራ የግራና የቀኙን፣ የፊት ለፊቱንም በር አንኳኳ፣ «ማሽኑ እዚህ ስላለ ዛሬ በዚህ ዋጋ እሠራልዎታለሁ» በል። ወረቀት ስታድል በር ላይ አንጠልጥል እንጂ ፖስታ ሳጥን ውስጥ አትክተት፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ ብዙ ጀማሪ ይህን አያውቅም።

ከሁሉም የምወደው መንገድ ግን ሌላ ነው። በየሳምንቱ ሣር የሚያጭዱ ትናንሽ ቡድኖችን ታያቸዋለህ፣ አብዛኞቹ የማዕከላዊ አሜሪካ ልጆች ናቸው፣ ሃምሳም መቶም ደንበኛ አላቸው። ኤሬሽን የማይሠሩ ሞልተዋል፣ መከር ሲመጣ ጊዜ የላቸውም። አንተ ሥራላቸው፣ ከእያንዳንዱ ቤት ድርሻቸውን ስጣቸው። ሁለት በጋ የሠራህበትን ጊዜ አስታውስ፣ የምታውቀው ሰው አለ። ከእስፓኒሽ ትንሽም ቢሆን ለምደህ ወጥተሃል ብዬ እገምታለሁ።

ሥራውን በተመለከተ ለአንተ ብዙ ማስተማር አያሻኝም፣ ግን ተቀጣሪ ሆነህ ላታያቸው የምትችል ነገሮች አሉ። ስፕሪንክለርና የውሻ አጥር። የውሻ አጥር የምልህ የማይታየውን ነው፣ ከመሬት በታች አንድ ሁለት ኢንች ላይ የተቀበረ፣ ውሻው ከግቢ እንዳይወጣ የሚያግድ ቀጭን ሽቦ። የማውቀው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንቱ አንዱን አሥራ ምናምን ቦታ ቆራረጠው፣ የሳምንት ገቢውን ለጥገና ከፈለ፣ ውሻውም ጠፍቶ ሰፈር ሲፈለግ ዋለ። 811 ደውለህ ጥቂት ቀን ቀድመህ ብታሳውቅ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን በነፃ ምልክት ያደርጉልሃል፣ የቤቱን ባለቤት የግል ሽቦና ቧንቧ ግን አያሳዩህም። ባለቤቱን ጠይቅ፣ ትናንሽ ባንዲራ ትከል፣ መልሱን በቴክስት ይላክልህና አስቀምጠው።

መሬቱ ከዝናብ በኋላ ረጠብ ሲል ነው የሚበሳው። ደረቅ ሸክላ ላይ ጥርሱ ይንሸራተታል፣ ጭቃ ላይ ደግሞ ይለጠፍበታል። ሁለቴ ሂድበት፣ አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ፤ በአንድ ካሬ ጫማ ከ20 እስከ 40 ቀዳዳ ካላየህ ሥራው አልተሠራም። አንዴ ብቻ አልፎ ገንዘብ የሚቀበል ሞልቷል፣ ከእነሱ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ስትጨርስ ግቢው መቶ ውሻ የዋለበት ይመስላል፣ ስለዚህ የአፈሩ ቁራጭ በጥቂት ሳምንት ሟሙቶ እንደሚጠፋ ቀድመህ ንገራቸው። ካልነገርክ ማታ ይደወልልሃል።

ኮምፖስቱን ዘንድሮ በትንሹ ሞክረው። ለሦስት ለአራት ሰው፣ የፊት ግቢ ብቻ፣ በእጅ ጋሪ፣ በአካፋና በሬክ። 1,000 ካሬ ጫማ ከአንድ ያርድ ያነሰ ነው የሚፈጀው፣ ጀርባህ ይችለዋል። ሰዓቱን ጻፍ። ስንት ያርድ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ጉዞ። ዋጋ የምታወጣው ከዚያ ማስታወሻ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሊፍግሮ የሚባለው ከሞንትጎመሪና ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከሚሰበሰብ ቅጠልና ሣር የሚሠራ ኮምፖስት አለ፣ በያርድም ይሸጣል። ከማንም ግዛ፣ ግን መጀመሪያ እፍኝ አንስተህ አሽትት፤ የበሰለ ኮምፖስት የዝናብ አፈር ነው የሚሸተው፣ አሞኒያ ከሸተተህ አልበሰለም፣ ሣሩን ያቃጥላል። አሸዋ ጨምርልኝ የሚል ደንበኛ ይመጣል፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ አይቶ ነው። ጎልፍ ሜዳ ሌላ ነው፣ ሸክላ ላይ ስስ አሸዋ ስትቀላቅል ጡብ ነው የምታመርተው።

ዘር የምትጨምር ከሆነ ለቶል ፌስኪዩ በ1,000 ካሬ ጫማ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ይበቃል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው የሚስማሙትን ዝርያዎች ዘርዝሮ ያወጣል፣ እሱን እያየህ ግዛ እንጂ ርካሹን ከረጢት አታንሳ።

ማዳበሪያ ጨምርልኝ ሲሉህ ግን ቆም በል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ የሚሠራበት የሣር ማዳበሪያ ሕግ አለው፣ ምክንያቱ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው፣ ማዳበሪያው በዝናብ ታጥቦ እዚያ ይገባል። ለገንዘብ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው ከግዛቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። የአረም መድኃኒትም የራሱ ላይሰንስ አለው። ክረምት ላይ ኡበር ስትነዳ ለፈተናው አንብብ፣ ዘንድሮ ግን «አልሠራም» በል። መንገድ ላይ የፈሰሰውን ኮምፖስትም ወደ ሣሩ መልሰው፣ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አትጥረገው። በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር (ቅጠል የሚነፋ ማሽን) እንዳትገዛ ደግሞ፤ ዲሲ ከ2022 ጀምሮ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከልክለውታል። የባትሪ ወይ መጥረጊያ።

ወረቀቱ ብዙ አያስቸግርም። ሜሪላንድ ውስጥ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ለማቋቋም 100 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ሪፖርት ታስገባለህ፣ እሱ 300 ነው። የታክስ ቁጥሩን አይአርኤስ በነፃ ይሰጥሃል፣ ገንዘብ የሚጠይቅህ ድረ ገጽ ካየህ ዝጋው። የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ሳትይዝ ማሽን አታስነሳ። ታክሱን ከኡበር ታውቀዋለህ፣ በየሩብ ዓመቱ ክፈል። ነፃ የንግድ አማካሪ ከፈለግክ ስኮር የሚባለው ድርጅት አለ፣ ጡረታ የወጡም በሥራ ላይ ያሉም ነጋዴዎች ናቸው፣ የሒሳብ ሠንጠረዥህን ይዘህ ሂድ።

እናትህስ? አትከራከራት። እኛ አገር ሣር አጫጅ ማለት ሌላ ስዕል ነው፣ እሷ የምታየው ያንን ነው። ያንተን ሥራ በስልክ አስረድተህ አታሳምናትም። የመጀመሪያውን ግቢ ፎቶ ላክላት፣ ኤፕሪል ላይ ዘሩ በቅሎ አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ ሌላውን። «ይህን ልጄ ነው የሠራው» ብላ ለጎረቤት ስታሳይ ትሰማለህ። እስከዚያ ብታኮርፍህም ደውልላት።

እና እቁቡ። በዚህ ሳምንት ለእቁቡ ዳኛ ደውልና ዕጣህን ኦገስት ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ጁን ላይ ገንዘቡ እጅህ ከገባ ማሽኑን ትገዛዋለህ፣ አውቅሃለሁ፣ እኔም ገዝቼዋለሁ። ኦገስት ከደረሰህ ኢንሹራንሱን፣ ኪራዩንና ዘሩን ትከፍልበታለህ፣ የቀረውን አትንካው። ያን ጊዜ ያስያዙ ቤቶችን ቁጥር ጻፍልኝ።