ሲሚንቶ ነጋዴውን ላስወጣው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ነበር። እዚያ የሚጫወትባቸውን የቦውሊንግ ቤቶች ቪዲዮ አሳየኝ። ሶፋው፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው ጉድ ነው! «የአባትህን መጋዘን እንዲህ እናድርገው፤ ግማሹን ብር እኔ እችላለሁ» አለኝ። መጋዘኑ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው። አሁን ሲሚንቶ ነጋዴ ተከራይቶታል። ላስወጣው ወይ?
መ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ኧረ እንዳታስወጣው! ኪራይህን እየተቀበልክ አንብበኝ።

መጀመሪያ ሜትር ያዝ። ኳሱ የሚንከባለልበት ወለል ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን (ኳሱ የሚጥለው ጠርሙስ መሰል ነገር) 18.29 ሜትር ነው። ወርዋሪው ለመንደርደር ደግሞ 4.5 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይኸው 23 ሜትር ሊሞላ ነው። ከፒኖቹ ኋላ የወደቁትን መልሶ የሚያቆመው ማሽን አለ። ያ የወደድከው ሶፋም ቦታ ይፈልጋል። ባንተ መጋዘን ተጫዋቹ ከበር ውጭ፣ ከባጃጆቹ መሃል ሊንደረደር ነው።

ማሽኑን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የእህቴ ልጆች ቦውሊንግ ቤት ይዘውኝ ሄደው ነበር። ጫማዬን አስወልቀው የኪራይ ጫማ አደረጉልኝ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ ብዬ ከባዱን ኳስ አነሳሁ። ትልቁ ከ7 ኪሎ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ከወለሉ ጎን ያለው ቦይ ገባ! ሦስተኛው ዙር ላይ ማሽኑ ቆመ። ባለሙያው ከኋላ ገብቶ ሲታገል እኛ ሁለት ሁለት ማኪያቶ ጨረስን። ኮምቦልቻ ላይ ቢቆምብህ ማንን ትጠራለህ? አሜሪካም ቢሆን ድሮ ፒኑን የሚያቆሙት ልጆች ነበሩ፤ ኤኤምኤፍ የተባለ ኩባንያ ማሽኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ልጅ ቀጥሬ ላስነሳ እንዳትል ብቻ። ያ ኳስ እግር ላይ ሲመጣ አስበው።

የዘመድህ ቪዲዮ ላይ ያለው ድምቀት ደግሞ ከጨዋታው የመጣ አይደለም። ቶም ሻነን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ውስጥ ቦውልሞር የተባለውን፣ በ1938 የተከፈተ አሮጌ የቦውሊንግ ቤት ገዛ። ኳሱም ፒኑም ያው ነው። እሱ የለወጠው መብራቱን፣ ሙዚቃውንና ምግቡን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ከኤኤምኤፍ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ኩባንያው ላኪ ስትራይክ ኢንተርቴይንመንት ይባላል፤ ከ300 በላይ ቤቶች አሉት። ሰው የሚሄደው ልደት ሊያከብር፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ሊበላና ሊጠጣ ነው። ኳሱ ሰበብ ነው።

ሰበብ ደግሞ ርካሽም አለው። ደሴ ፒያሳ ፑል ቤት ግባና እይ፤ ወረፋ ነው። ሁለት የፑል ጠረጴዛ፣ አንድ ጆተኒ፣ ጥሩ ጀበና ቡና፣ ማታ ደህና ሙዚቃ። እኛ ደሴዎች ብርዱ ሲጠናብን ሐረጎን ወርደን እናንተ ጋ መሞቅ እንወዳለን። ነጋዴውም መጋዘኑ ውስጥ ይቀመጥ። ለመሆኑ ግቢ አለህ? ስፋቱን ለክተህ ጻፍልኝ።