«ስስቅ ዓይኔ ዳር መስመር ይወጣል» ላለችው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 34 ዓመቴ ነው፣ ስስቅ ዓይኔ ዳር መስመር መውጣት ጀምሯል፣ ኮስሞቲክስ ቤት ውድ የዓይን ክሬም ግዢ አሉኝ፣ ጓደኞቼ ደግሞ ሎሚና የእንቁላል ነጭ ተቀቢ ይሉኛል፣ የቱ ይሻለኛል፣ ቦቶክስ የሚባለው መርፌስ ነው ያልሽው። ፊት የሚያጠራ ክሬም እየተቀባሽ እንደሆነም ጠቅሰሻል፣ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። እስካሁን እዚህ የተሰጡሽ መልሶች፣ «ሳቅ ቀንሺ» ካለችሽ ከአንዷ በቀር፣ በሙሉ ስለሚቀባ ነገር ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ስለ ፀሐይ ላውራሽ።

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ የመንገድና የሕንፃ ሳይት ላይ ነኝ፣ አሁን አርባዎቹ ውስጥ ገብቻለሁ። ፀሐይ ፊትን ምን እንደምታደርግ ለማየት የእኛ ሳይት ይበቃል። ፕሪዝም (የመለኪያ መሣሪያችንን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት) የሚይዝልን ልጅ ቀኑን ሙሉ ወደ ብርሃን ዞሮ ዓይኑን አጨንቁሮ ነው የሚቆመው። ሻይ ልንጠጣ ጥላ ስንገባ ፊቱ ይፈታል። ያኔ ዓይኑ ዳር ቀጫጭን ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ሲያጨነቁር ቆዳው ስለሚታጠፍ እጥፋቱ ውስጥ ፀሐይ አልገባም፣ ዙሪያው ግን ጠቁሯል። ልጁ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ቢሮ የሚውለው እኩያው ፊት ላይ ይህ የለም።

ዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ በጣም ስስ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎችም እዚያ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይደርቃል። ከሥሩ ዓይንን ዙሪያውን የከበበ ጡንቻ አለ። ስትስቂም ስታጨነቁሪም እሱ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለው ቆዳ ይታጠፋል። በልጅነት ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉት ክሮች ቆዳውን ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ፀሐይ የምታበላሸው እነዚህን ክሮች ነው። ክሮቹ ሲዳከሙ ስትስቂ ብቻ ይታይ የነበረው መስመር ዝም ስትዪም አይጠፋም። የአንቺ ገና ስትስቂ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጊዜ አለሽ። «ሳቅ ቀንሺ» ያለችሽን ልጅ ግን እባክሽ አትስሚያት። ማጨንቆሩን ቀንሺ፣ ሳቁን ተይው።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ከፊሉ እውነት ነው። ሜላኒን የሚባለው የቆዳችን ቀለም ይከላከልልናል፣ ለዚህም ነው ከነጮች ዘግይተን የምንሸበሸበው። ግን የጠቆረ ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ ከኤስፒኤፍ 13 (ኤስፒኤፍ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አቅም የሚለካበት ቁጥር ነው) ብዙም አይበልጥም። የኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነች፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) የሚባለው ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው አይሰማውም፣ ይህ ነው የሚያታልለው። ክረምት ነው ደመና ነው ብለሽም አትዘናጊ። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፣ ጨረሩም ሳሳ ያለውን ደመና አልፎ ይመጣል። ቀላሉ መለኪያ ጥላሽ ነው። ከቁመትሽ ካጠረ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ነው ዋናው።

መስኮት አጠገብ ለምትሠሩና መኪና ለምትነዱም እነግራችኋለሁ። ዩቪኤ የሚባለው የዩቪ ጨረር ዓይነት ተራ መስታወት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውዬው 28 ዓመት ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ ተሸብሽቦ ተንዘልዝሏል፣ ቀኙ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። የእኛም አገር መኪና መሪው በግራ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መነጽር። ከክሬሙ በፊት ብርሽን እዚህ ላይ አውጪ። «ዩቪ 400» የሚል፣ ሰፋ ያለና የዓይን ዳርሽን የሚሸፍን ይሁን። ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይከላከልም። እንዲያውም ማጣሪያ የሌለው ጥቁር መስታወት የዓይንን ብሌን አስፍቶ ጨረሩን ያስገባል። መለኪያ ያላቸው መነጽር ቤቶች ስላሉ አስለክተሽ ግዢ። መነጽሩ ጨረሩንም ይከለክላል፣ ማጨንቆሩንም ያስቀራል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ስትጨምሪበት ደግሞ የበለጠ ነው። በበጋ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሄዱት እናቶቻችን ልክ ናቸው።

ጥላ ውስጥ ሆነሽም፣ ስልክሽን ስታነቢም የምታጨነቁሪ ከሆነ ዓይንሽን ተመርመሪ። ቁጥር ያለው መነጽር የሚያስፈልጋቸው ግን ሳያውቁት ዓመታት የሚያጨነቁሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የእኔ የግራ ዓይን ዳር ከቀኙ ጠለቅ ያለ መስመር አለው፣ ምክንያቱም በመሣሪያው ሳይ ግራውን እጨፍናለሁ። አንድ አንጋፋ ቀያሽ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማየት አስተማረኝ፣ ከዚያ ወዲህ መስመሩ አልባሰም። ዓይንሽን የሚያሳክክሽ ከሆነም ማሸቱን ትተሽ አለርጂውን ታከሚ። ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ለጊዜው ያስታግሳል።

ሰን ስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ቀጥሎ ይመጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎችን ለ4 ዓመት ተኩል የተከታተለ ጥናት ነበር፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በየቀኑ እንዲቀቡ የተነገራቸው ሰዎች ቆዳ፣ እንደፈለጋቸው ከሚቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ የእርጅና ምልክት አሳየ። ዩቪኤንም ዩቪቢ የሚባለውን ሌላውን ጨረርም የሚከላከል፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም 50 ይሁን። የብዙ ሰው ችግር ዓይን ዙሪያ መዝለሉ ነው፣ ስለሚያቃጥል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ አያቃጥልም። ነጭ ሆኖ ይታያል ካልሽ የቆዳ ቀለም ያለውን ፈልጊ። ያ ቀለም የሚመጣው ከአይረን ኦክሳይድ ስለሆነ ለማዲያትም ይጠቅማል። በጣትሽ ጫፍ ነካ ነካ እያደረግሽ ዓይን ዙሪያ ያለው አጥንት ላይ ቀቢ፣ አታሺው። ውጭ የምትውዪ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ። መኪና ውስጥ ሲቀቀል የከረመና ጊዜው ያለፈበት አይሠራም። ስትገዢ ቀኑን እዪ።

አሁን ወደ ክሬሙ። «የዓይን ክሬም» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ በውድ ከሚሸጠው ብዙው ከፊት ክሬም የተለየ ነገር የለውም። ሽታ የሌለው ደህና ማለስለሻ ካለሽ እሱኑ ተጠቀሚ። ታጥበሽ ፊትሽ ሳይደርቅ ስትቀቢው ከድርቀት የመጡ ቀጫጭን መስመሮች በዚያው ቀን ይለዝባሉ። ማታ ማታ ስስ ቫዝሊንም ይበቃል። ለጋ ቅቤም ያለሰልሳል፣ ከፀሐይ ግን አያድንም።

በእውነት መስመር በመቀነስ የታወቀው ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ነው፣ ጠንከር ያለው ወንድሙ ትሬቲኖይን ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ። ኮላጅን እንዲመረት ያደርጋል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ለውጥ ለማየት ከ3 እስከ 6 ወር ጠብቂ። በሳምንት ሁለት ማታ ጀምሪ፣ ለሁለቱም ዓይን የምስር ፍሬ የምታክል ትበቃለች። የዓይን ቆብ ላይ አይቀባም፣ አጥንቱ ላይ ብቻ። መጀመሪያ ማለስለሻ ቀብተሽ ከላይ ብታደርጊው ብዙም አያስቆጣም። ይህ ለእኛ ቆዳ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም የተቆጣ ጥቁር ቆዳ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ጭራሽ አትንኪው። ቀን ቀን ሰን ስክሪን የማትቀቢ ከሆነም አትጀምሪው፣ ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል።

ሎሚውን ተይው። ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ተቀብቶ ፀሐይ ሲነካው ቆዳ አቃጥሎ ያጠቁራል፣ ዓይን አጠገብ ደግሞ ይብሳል። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳውን ይወጥራል፣ ሲታጠብ ያው ነሽ። ሲጋራ ካለ መተው ነው፣ ኮላጅን ያጠፋል።

ቦቶክስ ላልሽው፣ ይሠራል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዓይን ዳር መስመር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጡንቻውን ያዝናናል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል፣ ከዚያ መደገም አለበት። ውበት ሳሎን ውስጥ ግን እንዳታስወጊ። የሚወጋሽ ሐኪም ይሁን፣ መድኃኒቱም ዓይንሽ እያየ ይከፈት። በ34 ዓመትሽ የሚያጣድፍሽ ነገር አለ ብዬ አላምንም።

የመጨረሻው በጣም ያሳሰበኝ ነው። ያ የሚያጠራው ክሬም። ካርቶኑን ገልብጪና ውስጡ ያለውን አንብቢ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ካለበት ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ነው። ለሰሞኑ ፊትሽን ያበራዋል፣ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያሳያል፣ መሸብሸቡንም ያፋጥናል። ዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ብልቃጥ ከሆነ ደግሞ ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ዓይንሽ አካባቢ ከዛሬ ጀምሮ አታስነኪው። ለወራት ተቀብተሽው ከሆነ ግን ፊትሽ ላይ በአንዴ ስታቆሚው ቀልቶ ሊያብጥና ሊያቃጥልሽ ስለሚችል፣ ቆዳ ሐኪም እያየሽ ታቁሚው። አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፣ ወሎ አካባቢ ከሆንሽ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ስትሄጂ ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ። የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ብትለጥፊውም በመካከላችን ያሉት ፋርማሲስቶች ያነቡልሻል።