ሳሎን የተቀዳውን እናቴ ክፍል እንዴት ላድርሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ነርስ ነኝ፤ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሳሎን አንድ ቲቪ አለን። እናቴ ግን ለጓሮዋና ለዶሮዎቿ ስለሚቀርባት ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ መኖር መርጣለች፤ እዚያም ትንሽ ቲቪ ገዛንላት። ቆርቆሮው ላይ ሁለት ዲሽ አለ፤ አንዱ ለኢትዮሳት፣ አንዱ ለናይልሳት። አምና አንድ ልጅ መጥቶ የሳሎኑን መስመር በስፕሊተር ከፈለና ለእናቴ ሁለተኛ ሪሲቨር አገናኘላት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ልጆቼ ናይልሳት ላይ ፊልም ሲከፍቱ የእሷ «ሲግናል የለም» ይላል። እኔ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አዳር ተረኛ ነኝ። እናቴም ወደ ማታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የምንከታተለው ድራማ ለሁለታችንም ያመልጠናል። ቀድቶ የሚያስቀምጥልን፣ በሁለቱም ክፍል የሚታይ ነገር እፈልጋለሁ። ሱቅ ጠይቄ «ውዱን ሪሲቨር ግዢ» አሉኝ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ገና አታውጪ። ችግርሽ ያለው ቆርቆሮው ላይ ነው። እሱ ሳይስተካከል የፈለገውን ያህል ውድ ሪሲቨር ብትገዢ የእናትሽ ቲቪ መጥፋቱን አይተውም።

ኤልኤንቢ የምንላት በዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ያለችው ጭንቅላት ናት። ሪሲቨሩ በኬብሉ ሽቅብ ትእዛዝ ይልክላታል። 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካሉን (ቁሙን ሞገድ)፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታሉን (አግድሙን) ትሰጠዋለች። 22 ኪሎኸርዝ ሲጨምርበት ደግሞ ከታችኛው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ወደ ላይኛው ትሻገራለች። ዳይሴክ የምንላት፣ የሁለቱ ዲሾች ኬብል የሚገባባት ትንሿ መቀያየሪያ፣ ከሁለቱ አንዱን መርጣ ታገናኛለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስፕሊተሩ ኬብሉን ከፈለ እንጂ ትእዛዙን አልከፈለም። ልጆችሽ ናይልሳት ሲከፍቱ ዳይሴኳ ወደዚያ ትዞራለች፤ የእናትሽ ሪሲቨርም ሳይፈልግ አብሮ ይሄዳል። አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ጊዜ ሁለት ማሳ ላይ አይውልም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱ መስመር ከጣሪያው ይውረድለት። ከመግዛትሽ በፊት ግን ማን ምን እንደሚያይ አስቢ። ከጻፍሽው እንደተረዳሁት እናትሽ የምትፈልገው ኢትዮሳትን ነው። እንግዲያው የኢትዮሳቱን ኤልኤንቢ ብቻ በባለ አራት መውጫ ለውጪ። ከአራቱ አንዱ በቀጥታ ወደ እናትሽ ይሂድ። ሁለተኛው ከናይልሳቱ ጋር በዳይሴክ ተገናኝቶ ሳሎን ይግባ። ሦስተኛው ለመቅጃ ሳሎን ይምጣ። አራተኛው ውኃ እንዳይገባበት ተከድኖ ይቀመጥ። የናይልሳቱን አትንኪው። ሁለቱን ዲሽ በአንድ ልተካልሽ የሚል ሰው ከመጣም አትቀበዪ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ናቸው፤ አንድ ተራ ዲሽ ሁለቱንም አያይም።

ኤልኤንቢው ሲገዛ ልብ በይ። «ኳድ» እና «ኳትሮ» የሚባሉ አሉ። ሁለቱም አራት መውጫ አላቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። ለአንቺ የሚሆነው ኳዱ ነው፤ አራቱም መውጫዎች እኩል ናቸው። ኳትሮው እያንዳንዱ መውጫ ለየብቻው የተመደበ ስለሆነ ያለ መልቲስዊች (አራቱን አሰባስቦ ለሪሲቨሮች የሚያከፋፍል ሳጥን) አይሠራም። መውጫዎቹ ላይ የተለያዩ ፊደላት ከተጻፉባቸው መልሺው።

ባለሙያው ጣሪያ ላይ ሳለ የናይልሳቱን ፊት አስዪው። ከባሕር ዳር ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ ነው፤ ከፍታውም ከ40 ዲግሪ በታች ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ማንጎ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ዛፉ አድጎ ቅጠሉ ሲበዛ ሲግናሉን ይጋርዳል። ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሽቅብ ስለሆነ ዛፍ ብዙም አያሰጋውም። ኬብሉ ከኤልኤንቢው ሲወርድ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ይታሰር፤ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል፣ ወደ ኮኔክተሩ አይገባም። ኮኔክተሩ በጎማ ፕላስተር ይጠቅለል። ውኃ የገባበትን ኬብል ብዙ ጊዜ ቆርጬ አይቻለሁ፤ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ መቅዳቱ። ፍላሽ ተሰክቶበት የሚቀዳ ተራ ሪሲቨር በቂ ሊሆን ይችላል። አሁን ያለሽ ጀርባው ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው እሱኑ ሞክሪው። ባለ አንድ ቱነር (ቻናል መያዣ) ሪሲቨር እየቀዳ ሳለ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ቻናል አያሳይም። በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚመጡትን ግን ብዙዎቹ ያሳያሉ። ኢትዮሳት ላይ ደግሞ ብዙ ቻናሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ታጭቀው ነው የሚመጡት። የድራማሽን ቻናል ቀጂና ልጆቹ ኢትዮሳት ላይ የሚያዩትን ለመክፈት ሞክሪ፤ ናይልሳት ግን በዚያ ሰዓት አይከፈትም። ከተከፈተና ልጆቹ ለዚያ ሰዓት ያለ ናይልሳት ከቻሉ ባለ ሁለት ቱነር መግዛት አያስፈልግሽም፤ ሦስተኛውን ኬብልም ለጊዜው ተዪው። ስለ ቦታው አትጨነቂ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚመጣ ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ 30 ሰዓት ያህል ይይዝልሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ሪሲቨሩ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ማታ 2 ሰዓት ለማለት 20:00 ብለሽ ነው የምትሞዪው። 2:00 ብለሽ ከሞላሽ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሌላ ነገር ይቀዳልሻል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የሚቀየረውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ሲደመር 3 መሆኑን አረጋግጪ። ከዚያ «በየሳምንቱ» የሚለውን ምረጪ፤ ቀን ከመቁጠር ትገላገያለሽ። ከሰዓቱ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምር፣ 15 ደቂቃ አሳልፎ ይቁም። ቲቪው ባይከፈትም ይቀዳል።

መብራቱንስ? ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ቅር ይለኛል። እናቴ ታማ ሐኪም ቤት የተኛችበት ጥምቀት ነበር። የማይቀርባት በዓሏ ነው። ስርጭቱን ቀድቼ ስትወጣ ላሳያት ቃል ገባሁላትና ታቦት ልሸኝ ወጣሁ። ስመለስ ፋይሉ ስሙ አለ፤ አልከፈት አለ። በመሀል መብራት ጠፍቶ ሪሲቨሩ እየጻፈ ሳለ ተቋርጧል። እናቴ «ግድ የለም ልጄ፣ ለከርሞ» አለችኝ። እኔን ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ሪሲቨር ብዙ ኃይል አይበላም። ብዙዎቹ ትንንሾቹ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ናቸው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠው ትንሿ ባትሪ 12 ቮልት የምታወጣ ከሆነና አምፔሯ ከአዳፕተሩ ካላነሰ ትበቃዋለች። የአዳፕተሩን ጽሑፍ ይዘሽ ሂጂ። ሌላም ፈተና አለ። የመቅጃ ሰዓት ሞልተሽ ሪሲቨሩን ንቀዪው፣ ከደቂቃ በኋላ መልሰሽ ሰኪው። በሰዓቱ ተነሥቶ ከቀዳ እሰየው። ካልቀዳ አዳር ስትገቢ አትመኚው። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሥዕሉ መቆራረጡ አይቀርም፤ እሱን ባትሪም አያድነውም። መብረቅ ሲበዛ ግን ሁሉንም ንቀዪ፤ ድራማው ይቅር።

የተቀዳውን እናትሽ ጋ ለማድረስ ቀላሉ መንገድ ፍላሹን ነቅሎ መውሰድ ነው። አንዳንዱ ሪሲቨር ሌላው የቀዳውን አይከፍትም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ክፍል አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ፍላሽ ማመላለሱ ከሰለቸሽ፣ ቅጂውን በኔትወርክ የሚያካፍል ሪሲቨር ለሳሎን ትገዢያለሽ፣ እናትሽ ጋም ከኔትወርክ የሚያነብ። ከሳሎን እስከ ሰርቪሱ የኔትወርክ ኬብል ይዘረጋል፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ይህ በቤታችሁ ውስጥ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ ከኢንተርኔት ጥቅልሽ አይቆርጥም። ሱቅ ውስጥ ግን «ያካፍላል» ሲሉሽ አትመኚ፤ ሁለቱን አገናኝተው አንድ ቅጂ ያሳዩሽ።

እኔ ብሆን በፍላሹ እጀምራለሁ። እናትሽ የሚያስፈልጋት አንድ ቁልፍ ነው፤ የተቀዱትን የሚዘረዝረው። ሪሞቷ ላይ ያንን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀቢላት። ለእናቴም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ከፈተችው። የጣሪያውን ሥራ ግን ሰኔ ሳይገባ አሠሪው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው አታውጪ።