ትንሹ መንቀጥቀጥ ለምን ሩቅ ተሰማ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.8 ነበር፤ ንዝረቱ ግን ካናዳ ድረስ ተሰምቷል። በ2004 በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ የደረሰው 6.0 ሆኖ ሳለ ያን ያህል ርቆ አልተሰማም። ልኬቱ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ልኬቱስ አልተሳሳተም። እንዲያውም ግርምትዎን ልጨምርበት፦ በልኬቱ የ0.2 ልዩነት ማለት በጉልበት እጥፍ ያህል ነው። የቨርጂኒያው ያን ሁሉ አገር ያዳረሰው በግማሽ ጉልበት ነው። ሁሉም ሰው «ስንት ሆነ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ «በየት በኩል አለፈ?» የሚለኝ ግን ብዙ አይደለም።

እኔ ያረጀሁት የመንቀጥቀጥ መዝገብ በማንበብ ነው፤ ወረቀት በከበሮ ላይ ተጠቅልሎ ብዕር ከሚጭርበት ዘመን ጀምሮ። ከመንቀጥቀጡ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ በተተከለ መሣሪያ ላይ መጀመሪያ የሚታየው፣ ከ80 ሰከንድ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቀጭን ጭረት ነው። ይህን ሞገድ ፒ-ኤን እንለዋለን። ወደ ምድር ቅርፊት ግርጌ ወርዶ፣ ከሥሩ ባለው ጠንካራ ዐለት አናት ላይ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦ የመጣ ነው። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም በቅርፊቱ ውስጥ በቀጥታ የመጣውን፣ ፒ-ጂ የምንለውን ሞገድ ይቀድመዋል። ክሮኤሺያዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ሞሆሮቪቺች በ1909 የቅርፊቱን ወለል ያገኘው እነዚህን ሁለት ቀዳሚዎች ለያይቶ በማንበብ ነበር።

ከዚያ 170ኛው ሰከንድ አካባቢ ብዕሩ ይወራጫል። ጀማሪ ሳለሁ «ሌላ መንቀጥቀጥ» ብዬ ምልክት አድርጌበት አለቃዬን አስቄአለሁ። ኤል-ጂ ነው፤ በቅርፊቱ ጣሪያና ወለል መካከል ታስሮ እየተላተመ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሞገድ። ከመንቀጥቀጡ ርቀው የሚገኙ ሰዎች አልጋቸው ሲወዛወዝ የሚሰማቸው በአብዛኛው እሱ ነው።

የጥያቄዎ መልስም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የምሥራቅ አሜሪካ ቅርፊት ያረጀ፣ የቀዘቀዘና እምብዛም ያልተሰባበረ ስለሆነ ኤል-ጂ ሳይደክም ያልፍበታል። የካሊፎርኒያው ግን ትኩስና በስንጥቅ የተሞላ ነው፤ ሞገዱን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። ውፍረት ብቻውን አያድንም፤ የቲቤት ቅርፊት 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከተለመደው እጥፍ ይወፍራል፣ ኤል-ጂ ግን እዚያ በእጅጉ ይዳከማል።

ባሕር ሥር ያለው ቅርፊት ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ኤል-ጂን መሸከም አይችልም። የካስፒያን ባሕርን ደቡባዊ ክፍል አቋርጦ በመጣ መዝገብ ላይ ፒ-ኤን በቦታው አለ፤ ወፍራሙ ጭረት በሚጠበቅበት ሰከንድ ግን መስመሩ ጭር ይላል። ይህን ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ የሚደውልልኝ ጀማሪ አይጠፋም። አሁን ሳቁ የእኔ ተራ ነው።